ከአጥሩ ሥር የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ

200 ብር ከፈልኩ። 13,680 ብር ተብሎ የመጣው የእናቴ የቤት ግብር 2,100 ብር ሆነ። ጉቦ የለበትም፤ ዘመድም የለበትም። አንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ ነው። ዛሬ የምጽፈው ያን ማመልከቻ ስለጻፉልን ሰው ነው። እዚህ ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣበት ወይ ተበድሮ የሚከፍል፣ ወይ ፈርቶ ትራስ ሥር የሚደብቅ ሰው ብዙ አውቃለሁ። እናቴም ልትደብቀው ነበር።

እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። እናቴ የምትኖረው ከዚህ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ዓላማዬ መሥሪያ ቤቱን መክሰስ አይደለም። ጸሐፊውም ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም፤ ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤቱን የሠራው አባቴ ነው፤ በ1962። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሁለት ክፍል አለው፣ ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት ጠባብ ክፍል ደግሞ ተቀጥላበታለች። አባቴ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። በ2011 ዐረፈ። ያችን የመንገድ ዳር ክፍል አንድ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ተከራይቷት ነበር። በ2013 ሰኔ ላይ መስተዋቱንና ወንበሩን ጭኖ ባሕር ዳር ገባ። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ውስጥ ያለው የበቆሎ ጆንያና የአባቴ አሮጌ አልጋ ነው።

ጥር ላይ ወረቀቱ መጣ። ከ2012 እስከ 2016 የአምስት ዓመት ውዝፍ ይላል። በዓመት 1,640፣ በድምሩ 8,200 ብር። ቅጣትና ወለድ 5,480። «የቤቱ አገልግሎት» ከሚለው ትይዩ «ንግድ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የጎረቤት ልጅ ነው ያነበበላት። ማታ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ስለ በጎቿ አወራችኝ፣ ቀጥላ ስለ ጉልበቷ። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ነው «ቤቱን ሊወስዱት ነው መሰለኝ» ያለችኝ። የምትኖረው በአባቴ ጡረታ ነው። ለሚስት የሚደርሰው ደግሞ የባል ጡረታ ግማሹ ነው። 13,680 ብር ለእሷ የማይገፋ ተራራ ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከአንድ ኮምፒውተር ቤት ገብተን ማመልከቻ አስጻፍን፤ 60 ብር ከፈልን። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፊደል አይስትም። ግን የጻፈው በሙሉ ልመና ነው። «አቅመ ደካማ በመሆኔ፣ ልጆቼም የማይጦሩኝ በመሆኑ፣ በትሕትና እለምናለሁ» ይላል። አንብቤ ከፋኝ፤ ጦሪዋ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቢሆንም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሰኞ አስገባነው። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ላይ «ማስረጃ አልተያያዘም፤ ውድቅ» ተብሎበት ተመለሰ። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈለግ ጠየቅኳት። «ያለዎትን ያምጡ» አለችኝ። አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ያላትን በምን ታውቃለች? ይህን አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ያን ቀን ከግቢው ስንወጣ ነው ጋሼን ያየናቸው። ከአጥሩ ሥር፣ ከአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ አጠገብ ጃንጥላ ተክለው ይቀመጣሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ካርቦን ወረቀት፣ ማስመሪያ። ዕድሜያቸው ስልሳውን አልፏል። ድሮ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ነው። ወረፋ ነበረባቸው። እናቴ ቆማ ስታያቸው የተቀመጠውን ሰው አስነሥተው በርጩማ ሰጧት።

ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። እስክሪብቶ ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላነሡም።

«እሜቴ፣ ደረሰኝ ይኖርዎታል?»

«ደረሰኝ እንኳ አለኝ፣ ወንድም ዓለም። የባለቤቴን አገልግል ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ አልጽፍም። አገልግሉን ይዘው ነገ ይምጡ። ካርታውን፣ የወራሽነት ማስረጃውን፣ የጡረታ ደብተሩንም።»

ለዚያ ቀን አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። እኔ የእኚህን ሰው አገልግሎት ከሌላው የምለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጸሐፊ መጀመሪያ ይጽፋል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ከዚያ ዕድልህ ነው። እሳቸው መጀመሪያ ወረቀት ይለቅማሉ።

በማግስቱ አገልግሉን ይዘን ሄድን። አባቴ ለመንገድ ስንቅ ይይዝበት የነበረ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ አገልግል ነው። እናቴ ክዳኑን ስትከፍተው የአሮጌ ወረቀትና የበርበሬ ሽታ ወጣ። ጋሼ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እያወጡ በዓመተ ምሕረት ደረደሯቸው። ነፋስ ነበር። ከመሬት ጠጠር ለቅመው በእያንዳንዱ ዓመት ላይ አንድ አንድ ጠጠር አስቀመጡ። ጠረጴዛው ሲሞላ በጉልበታቸው ላይ ቀጠሉ። አንዱ ደረሰኝ ቀለሙ ለቅቆ ነጭ ሆኗል። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው በጀርባው በኩል አዩት፣ ጣታቸውን በካርቦኑ ጭረት ላይ እያስኬዱ «ሁለት... ሺህ... ዐሥራ ሦስት» ብለው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩዋት። «እሜቴ፣ 2012ንና 2013ን ከፍለዋል እኮ!»

እናቴ አለቀሰች። ከፍያለሁ እያለች ስትነግረኝ እኔ ራሴ አላመንኳትም ነበር።

ሦስቱን ዓመት ግን አልከፈለችም። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ቢሮውም አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ሲዘጋ የቆየበት ጊዜ ነው። እኔም ከማርቆስ መውጣት ያልቻልኩባቸው ወራት ነበሩ። ጋሼ ይህን አልደበቁትም። «ያልተከፈለውን አልተከፈለም ብለን እንጻፍ። ያን ጊዜ የተከፈለው ይታመናል» አሉ።

ስለ ግብሩም ያስረዱን እሳቸው ናቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ደረሰኙ ላይ ለምን ሁለት መስመር እንዳለ አላውቅም ነበር። በአዋጅ 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የሚኖሩበት ቤት ግን የባለቤቱ ሆኖ ቀረ። በዓመቱ አዋጅ 80/1968 መጣ። ስለዚህ ባለቤቱ ለቦታው ኪራይ ይከፍላል፣ ለቤቱ ደግሞ ግብር። ሁለቱ መስመሮች እነዚያ ናቸው። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ ከሚገመተው ኪራይ ነው። እንግዲህ መዝገቡ «ንግድ» ካለ ግምቱ ይወጣል፣ «መኖሪያ» ካለ ይወርዳል። ፀጉር ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፣ መዝገቡ ላይ ግን እስካሁን ፀጉር ይቆረጣል።

«ክፍሉ መዘጋቱን ማን ይመሰክራል?» አሉ ጋሼ። ጎረቤት አልን። «ጎረቤት ጥሩ ነው። ከጎረቤት የሚሻል ግን አለ። ልጁ ንግድ ፈቃዱን መልሷል?» ይህን እኔ በሕይወቴ አላስበውም። ባሕር ዳር ደወልኩ። ልጁ ፈቃዱን የመለሰበትን ደብዳቤ ቅጂ አስቀምጦታል። በቴሌግራም ፎቶውን ላከልኝ፤ ቀኑ ሰኔ 2013 ይላል። ዋናውንም በሳምንቱ በሚመጣ ሹፌር እጅ ሰደደው። እግዜር ይስጠው። የነገሩ ቁልፍ ይህች ወረቀት ነበረች።

ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። በእጃቸው ነው የሚጽፉት፤ ጽሕፈታቸው እንደ ድሮ የብራና ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው። ጨርሰው ለእናቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላት። «ድሃ በመሆኔ» የምትል ቃል ላይ ሲደርሱ እናቴ እጇን አነሣች።

«ድሃ አይደለሁም።»

«እሜቴ፣ ከቀበሌ የድሃ ድሃ ማስረጃ ብናወጣ እኮ ነገሩ ይቀላል።»

«ድሃ አይደለሁም አልኩ። ባሌ ቤት ሠርቶልኝ ነው የሞተው። ገቢዬ ትንሽ ነው በል።»

ጋሼ አልተከራከሩም። ገጹን አጥፈው አስቀመጡና በአዲስ ወረቀት እንደገና ከላይ ጀመሩ። «ገቢዬ የሟች ባለቤቴ ጡረታ ግማሽ ብቻ በመሆኑ» ብለው ጻፉ፣ የጡረታውን ደብተር ቅጂ አያያዙ። ለሁለተኛው ጽሕፈት ተጨማሪ አልጠየቁም። ማመልከቻው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። የተከፈሉት ሁለት ዓመታት ይቀነሱ። ከ2014 ጀምሮ ያለው በመኖሪያ ይሰላ። ቅጣቱ ይነሣ፣ ቀሪው በሁለት ጊዜ ይከፈል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ማስረጃው በተራ ቁጥር። አንድም የልመና ቃል የለበትም።

ዋጋውን እንግዲህ ልንገራችሁ። 200 ብር ነው፣ ምክሩንም ጽሑፉንም ጨምሮ። ፎቶ ኮፒ ለብቻ ነው፤ እኛ ወደ 90 ብር አወጣን። ደረሰኝ አይሰጡም። ይህ አንዱ ጉድለታቸው ነው፤ ለሌሎች ደረሰኝ አስቀምጡ የሚሉ ሰው ራሳቸው ቢሰጡ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላው፣ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ መስኮቱ ላይ አልቀበልም ተባለብንና እንደገና ኮምፒውተር ቤት ሄደን 50 ብር ከፍለን አስተየብነው። ይህን አስቀድመው ሊነግሩን ይገባ ነበር። ሲተየብ ደግሞ ልጁ አንድ ተራ ቁጥር ዘለለ፣ እኔ ነኝ ያየሁት። ከሰዓት በኋላም አይገኙም። በዐሥራ ሁለት ለሚካኤል፣ በሃያ አንድ ለማርያም ጃንጥላው አይተከልም። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቀኑን ቆጥሮ ይምጣ። በእነዚህ ምክንያት ነው ከአምስት ኮከብ አራት የምሰጣቸው። ለሙያቸው ቢሆን ስድስት ብሰጥ አይቆጨኝም።

ማመልከቻው የካቲት 19 ገባ። ቁጥር ወጣለት፤ ጋሼ «ቁጥሩን ሳትይዙ ከመስኮቱ እንዳትነቃነቁ» ብለውን ነበር። ለባለሙያ ተመራ። ባለሙያው ቤቱን ለማየት ሜትር ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ሜትር የያዘ ሰው ትፈራለች። ልጅነቷ ቢቸና በኩል ነው። በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ሲነሣ ወጣት ነበረች። መሬታችን ሊለካ ነው፣ ከተለካ ርስታችን ይሄዳል ተብሎ ነበር። ጦር ተላከ፣ በአውሮፕላንም ተደበደበ። በመጨረሻ ጃንሆይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሡ፣ ውዝፉን ግብር ማሩ። እናቴ ይህን ስታወራ የምትጠቅሰው ምሕረቱን አይደለም፤ ቃጠሎውን ነው። ስለዚህ ባለሙያው በሩ ላይ ሲቆም እንዳላስገባው ልትለምነኝ ቃጣት። እኔ ግን ጋሼ የነገሩኝን ነገርኳት። ይህ ሰው ካልለካና ካላየ «ንግድ» የሚለው አይፋቅም። ጠባቧን ክፍል ከፈትኩለት። ጆንያዎቹንና አልጋውን አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ ጻፈ። ጨዋ ልጅ ነው። እናቴ ቡና ላፍላ ብላ ያዘችው፤ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ጉዳዩ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ደረሰ። ሁለት ጊዜ «የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ነው» ተባልን። አንድ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ አልተገኘም፤ በያዝነው ቁጥር ተፈልጎ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ቁጥሩ ባይኖረን ከመጀመሪያው ልንጀምር ነበር። በስድስተኛው ሳምንት፣ ሆሳዕና ሊገባ ሲል ውሳኔው ወጣ። 2012 እና 2013 ተቀነሱ። ሦስቱ ዓመታት በመኖሪያ ተሰልተው በዓመት 610፣ በድምሩ 1,830 ብር። ቅጣቱ ተነሣ። ወለዱ አልተነሣም፤ 270 ብር ቀረ። ጋሼ አስቀድመው «ወለዱን እንኳ አይተውልንም» ብለውን ስለነበር አልደነገጥንም።

ዳላስ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው እሱም የራሱን ነገረኝ። ቴክሳስ ውስጥ በሚኖርበት ቤት ላይ ሆምስቴድ የሚሉት ቅነሳ አለ። የትምህርት ቤት ግብር ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ ላይ የተወሰነው ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከ40,000 ዶላር ወደ 100,000 አድርሶት ነበር። ዕድሜው 65 ለሞላ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ግብር ካለበት ከፍ እንዳይል ጣሪያ ይደረግለታል። ወንድሜ ግን ቤቱን ከገዛ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቀነስለት ከፍሏል። ለምን? ማመልከቻውን አላስገባም ነበር። ማስገባቱ ነጻ ነው፣ ማንም ግን መጥቶ አይነግርህም። ስልኩን ይዤ ስለ ጋሼ ጃንጥላ አሰብኩ። እዚያም እዚህም ቅናሽ ያገኘው የጠየቀው ነው።

ይህን አሁን የምጽፍበት ሌላ ምክንያት አለኝ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ጥር ላይ አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። በቦታው መጠቀሚያ ላይ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ በቤቱ ላይ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚል ነው፤ ዝርዝሩ በየክልሉ ሕግ ይወሰናል። ስሌቱ በገበያ ዋጋ ላይ ሲመሠረት መዝገቡ ላይ ያለ አንድ የተሳሳተ ቃል የሚያስከፍለው ዛሬ ከሚያስከፍለው ይበልጣል። ግብር መክፈልን አልቃወምም። የእናቴ ሠፈር ኮብልስቶን የተነጠፈው፣ መብራትም የተተከለው ከሕዝብ በተሰበሰበ ብር ነው። ያልሠራ ፀጉር ቤት ግብር ግን ግብር አይደለም፤ ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሚያርም ሰው ደግሞ ከተማው በደመወዝ ቀጥሮ ከአጥሩ ውስጥ ሊያስቀምጥ በተገባ ነበር። መስኮቱ ላይ የሚያስፈልጉ ማስረጃዎች ዝርዝር አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ስንት አሮጊት ከመመላለስ በዳነ! ጋሼ ይህን ሐሳብ ለአንድ ኃላፊ እንዳቀረቡ፣ ዝርዝሩንም ራሳቸው ጽፈው እንደሰጡ ነግረውኛል። እስካሁን አልተለጠፈም።

ወደ እሳቸው ለምትሄዱ፣ ወይም በየከተማችሁ እንዲህ ያለ ሰው ለምትፈልጉ ይህን ያዙ። ካርታ። ቤቱ በሟች ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፤ ይህ ከሌለ ምንም አይጀመርም፣ ጊዜም ይወስዳል። ያላችሁን ደረሰኝ ሁሉ፣ ቀለሙ የለቀቀውንም ጭምር። ደረሰኝ በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ጋሼ እንደሚሉት ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። በጠዋት ሂዱ።

የመጀመሪያውን 1,050 ብር በዚያው ሳምንት ከፈልን። እናቴ ደረሰኙን ራሷ ተቀብላ፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳስሳ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛው ሄደች። ቤት ስንደርስ አገልግሉ ውስጥ አስገባችው። ሁለተኛው እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የአዲሱ ዓመት ወረቀት ሲመጣ አብሬያት መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ከብሩ በፊት የማየው «የቤቱ አገልግሎት» የሚለውን ሳጥን ነው።